አልዘጋም ያለው መስኮት

በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ የእኔ ስም የሌለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። «በዚህ ቤት ውስጥ ሊቀ ሞካሪ ጎሹ ታላቁን ጥፋት አገኙ» ይላል። ጎሹ እኔ ቤት ያገኘው ነገር ቢኖር ሲገባ ያደናቀፈውን ድንጋይ ነው። ጥፋቱን ያገኘሁት እኔ ደጊቱ ነኝ። ከተማው ግን «እሷ አልተማረችም፣ ከየት ታመጣዋለች» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

አዎ፣ አልተማርኩም። ፊደል የለየሁት ከስኳር ጆንያና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። ስለዚህ «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን ከማንም አሳምሬ እጽፋለሁ፤ ሌላውን እንደመጣልኝ ነው። የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከተማው የእኔን ስም ካልጻፈ እኔ የሱን የምጽፍበት ምክንያት የለኝም።

በከተማችን ጀንበር ስትጠልቅ መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ፣ ድሮ ነፋስ በመስኮት ገብቶ የአንድ ሹም ባርኔጣ ይዞ ስለወጣ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የወጣው ባርኔጣው ሳይሆን ሹሙ ራሱ ነው ይላል። ለዚህ ሥራ የመስኮት ሹም አለን፤ ድንበሩ ይባላል። «አቶ» ያላልኩት እናቱ ስታዝለው ስለማውቀው ነው። ማታ ማታ ረጅም ሸንበቆ ይዞ ይዞራል። ግድግዳውን መታ ያደርግና «መስኮት ተዘግቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ከውስጥ «ተዘግቷል» ይላል፤ ድንበሩ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። መልስ ሳይሰማ ማለፍ አይችልም። ሳይጠየቁ መዝጋትም ሹሙን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር ክልክል ነው። ቀና ብሎ መስኮቱን ማየት ግን የድንበሩ ሥራ አይደለም። ማየት የሌላ ሹም ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልተሾመም።

መስኮቱ ሳይዘጋ ጀንበር የጠለቀችበት ቤት መስኮቱ በድንጋይ ይደፈናል። ዙሩ የሚጀምረው ከእኔ ቤት ነው።

ስለ መስኮቴ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ከደጅ አልወጣም። መስኮቴ ግን የወፍጮ ቤቱና የገበያው መንገድ የሚገናኙበት ላይ ነው። ማን ፍየል እንደገዛ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ቀሚስ ከማን ገመድ ላይ እንደተሰወረ ከዚያ ሆኜ አያለሁ። ለሚያልፈውም ሁሉ ሳይጠይቀኝ እመክረዋለሁ። መስኮቴ ባይኖር የዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ስለ ራሱ ምንም አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ያለኝ ነገር ላፕቶፕ ነው። የእህቴ ልጅ ማዘንጊያ፣ ገበያ ውስጥ የተበላሸ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ከሞቱት ከአንዱ ክዳን፣ ከሌላው የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከሌላው ሆድ ዕቃ አውጥታ ገጣጥማ ሰጠችኝ። ካርታ እጫወትበታለሁ፤ የሚያፍር ይፈር። ውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ማለት ከሥር ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ነው። ከላይ የሚታየው ገጽ፣ ሥዕሎቹ፣ ሰዓቱ፣ ብቅ ጥልቅ የሚሉት መስኮቶች ደግሞ ዴስክቶፕ ይባላል። ዴስክቶፑን እንደ ቀሚስ አውልቆ ሌላ መልበስ ይቻላል፤ ገላው ያው ነው።

አንድ ቀን ማዘንጊያ መጥታ «ንጋት» የሚባል አዲስ ዴስክቶፕ እየተሠራ መሆኑን ነገረችኝ። ሠሪዎቹ ሩቅ አገር የተበታተኑ ሰዎች ናቸው፤ ገና አልጨረሱም፤ የሚፈልግ ሰው ላፕቶፑ ላይ ጭኖ እንዲሞክረውና ጥፋቱን እንዲነግራቸው ይለምናሉ። በከተማችን ደግሞ አዲስ ነገር የሚሞክረው የሞካሪዎች ማኅበር ብቻ ነው። ትከሻቸው ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያጣፋሉ። አዲስ ጫማ የሚሞክሩት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በማየት ነው። ወንዙ ላይ የተሠራውን ድልድይ የሞከሩት ስለ ድልድይ ንግግር በማድረግ ነው፤ ንግግሩ ሳይደናቀፍ ስላለቀ ድልድዩ ተመረቀ። አሁን ወንዙን የምንሻገረው በዋና ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ጥፋት አግኝቶ አያውቅም፤ ይህንንም በየዓመቱ ያከብራል።

ሊቀ ሞካሪው ጎሹ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ እኔም መሞከር እንደምፈልግ ነገርኩት። ሳቀ። «እማማ፣ ለመሞከር እኮ ዕውቀት ያስፈልጋል» አለኝ።

«ለመስበር እጅ ይበቃል» አልኩት፤ መንገዱን ቀጠለ።

ማዘንጊያን ጫኚልኝ አልኳት። የምትወጂው ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ ጥሬ ነገር አይጫንም ብላ ተከራከረችኝ። ሌላ የምጠላው ላፕቶፕ እንደሌለኝ ነገርኳት። እያጉረመረመች የዶሮዎቼን ፎቶ ሁሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ንጋትን ጫነችልኝ።

ንጋት መልኩ ያምራል፤ ያንን አልክድም። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ድምፅ ስቀንስ ስክሪኑ ይጨልማል። አንድ ሰባኪ እየጮኸ አስቸግሮኝ ድምፁን ዝቅ ባደርግ፣ እሱ እንደጮኸ እኔ ጨለማ ውስጥ ቀረሁ። የጣልኩት የዶሮ ፎቶ ከቅርጫት ወጥቶ ይመለሳል፤ ያውም ያረድኳት ዶሮ። አንዳንዴ ደግሞ «ችግር ተፈጥሯል፤ ምን እንደሆነ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ «እሺ» የሚል። ይሄኛውን እንኳ ከከተማችን ሹማምንት ጋር ስለኖርኩ ለምጄዋለሁ።

ሰዓቱ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ጀንበር ብቅ ስትል ስድስት ሰዓት ነው ይላል። ጀንበር ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ዶሮዎቼም ያውቃሉ። ወደ ኋላ አዙሬ አስተካከልኩለት። ጠዋት ስከፍተው የመጣችው መስኮት ከዚያ በኋላ ነው አልሄድም ያለችኝ።

ትንሽ መስኮት ናት። «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ጥጓ ላይ መዝጊያ ምልክት አላት፤ ስነካት ጥፍት ትልና መልሳ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ወደ ዳር ብገፋት ተከትላኝ መሀል ትመጣለች። ላፕቶፑን አጥፍቼ ባበራው ቀድማኝ ትጠብቀኛለች። የምጫወተውን ካርታ ሸፍና ቀኑን ሙሉ ስትቀበለኝ ዋለች። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን እንኳን ደህና መጣሽ ተብዬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ተናድጄ አላውቅም።

በዚሁ ንዴት ላይ እያለሁ ሸንበቆው ግድግዳዬን መታ።

«መስኮት ተዘግቷል?»

እኔ ውሸት አልወድም። «የግድግዳው ተዘግቷል። የላፕቶፑ ግን አልዘጋም ብሎኛል» አልኩት።

ድንበሩ ከተሾመ ጀምሮ ከ«ተዘግቷል» በቀር ሌላ መልስ ሰምቶ አያውቅም። በሩን አንኳኳና ገባ። ላፕቶፑን ከሩቅ አየው፤ መስኮቷን በሸንበቆው ጫፍ ነካ አደረጋት። እንኳን ደህና መጡ አለችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይሄ ምንድነው እማማ?»

«አዲስ ዴስክቶፕ ነው። ገና አልተለቀቀም።»

«አልተለቀቀም?» ሸንበቆውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ማን አሰረው?»

«ሠሪዎቹ ናቸዋ የያዙት።»

«በምን ምክንያት?»

«ጥፋት አለበት።»

«ብዙ ነው ጥፋቱ?»

«ተቆጥሮ አላለቀም። ያየ ሰው ሁሉ እንዲጠቁም ተለምኗል። ተለቅሞ ሲያልቅ ያን ጊዜ ይለቀቃል።»

ድንበሩ ላቡን ጠረገ። የሰማውን ለራሱ ደግሞ ደጋግሞ አለው፦ ያልተለቀቀ፣ ጥፋቱ ተቆጥሮ ያላለቀ፣ ያልተዘጋ መስኮት ያለው፣ ከአንዲት ባልቴት ጋር አንድ ቤት ውስጥ። ከሁሉም ያቃጠለኝ «ባልቴት» ያለው ነው።

በማግሥቱ ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ያልተለቀቀው እንዳያመልጥ ላፕቶፔ አጠገብ ሪዛም ዘበኛ ተቀመጠ። ሴቶቹ በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ ሮጥ ይሉ ጀመር። ወፍጮ ቤት አካባቢ አየሁት የሚል ሰው ተገኘ፤ ረጅም ነው፣ በግራ እግሩ ያነክሳል አለ። ሌላው ደግሞ አጭር ነው ብሎ ተጣላው። ዘበኛውን መስኮቷ በማትሸፍነው ጥግ በኩል ካርታ መጫወት አስተማርኩትና ጥሩ ተጫዋች ወጣው፤ ጥበቃውን ግን እርሱት።

ድንበሩ ከሕጉ ጋር ተመለሰ። ሕጉ «መስኮቱ ያልተዘጋ ቤት መስኮቱ ይደፈን» ይላል። የላፕቶፑን መስኮት ግንበኛ ሊደፍነው አይችልም፤ ግንበኛው መጥቶ በገመድ ለክቶ ድንጋይ እንደማይቆምባት አረጋግጧል። ስለዚህ የሚደፈነው የግድግዳው ነው። ያልተዘጋው እኮ ሌላ ነው አልኩት። ሕጉ የትኛው ብሎ አይጠይቅም አለኝ። እስከ ቅዳሜ ጀንበር ያችን መስኮት ካልዘጋሁ መንገዴ፣ ገበያዬ፣ የማየው ሰው ሁሉ በድንጋይ ሊሸፈንብኝ ነው።

የምጠላው ጎሹ ዘንድ ማዘንጊያን ላክሁ። ማኅበሩ ጥፋቱ የዴስክቶፑ መሆኑን ከመሰከረ ቤቴ ይተርፋል ብዬ ነው። ከነሻሻቸው መጡ፤ ጎሹ የደፉ ድንጋይ ላይ ተደናቀፈ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ሳይከፍቱት፣ ዙሪያውን እየዞሩ አዩት። ጥፋት የለበትም አሉ። ማዘንጊያ ትዕግሥቷ አልቆ ክዳኑን ከፈተችው። መስኮቷ ብቅ አለች። ጎሹ ጮክ ብሎ አነበበና እጅ ነሳ።

«ይህማ ጨዋነት ነው» አለ። «እንኳን ደህና መጡ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው? እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ደንግጠው ነው።»

«አንብቤዋለሁ። ዝጋው እስቲ።»

«እንግዳ ተቀባይን ማን ይዘጋል?» አለና ማኅበሩን አስከትሎ ወጣ። በዚያው ቀን ንጋት እንከን የለሽ መሆኑ ታወጀ። ድንበሩ እንከን የለሽ ከሆነ ለምን አልተለቀቀም ብሎ ማኅበሩን ጠየቀ፤ ማኅበሩ መፍታት የእኛ ሥራ አይደለም አለ። ዘበኛው ሁለት ሆነ።

ያለኝ የመጨረሻ መንገድ ሠሪዎቹ ነበሩ። ለማዘንጊያ ነገርኳት፣ እሷ በእነሱ ቋንቋ ጻፈችላቸው። ትንሿ መስኮት አልዘጋ ማለቷን፣ በዚህ የተነሳ ትልቁ መስኮቴ ሊደፈን መሆኑን፣ ጎሹ የሚባል ሰው ቢጽፍላቸው እንዳይሰሙት። መልስ መጣ። ማዘንጊያ እንዲህ ብላ አነበበችልኝ፤ «ስለጠቆሙን እናመሰግናለን። መስኮቱ እምቢ ከማለቱ በፊት ምን አድርገው ነበር?»

ድገሚው አልኳት። ደገመችው። በዚህ ከተማ ማድረግ ያልነበረብኝን የሚነግረኝ ሞልቷል። ምን እንዳደረግሁ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ዘበኞቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ከዚያ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ድምፁ፣ ስለታረደችው ዶሮ፣ ስለ ሰዓቱም።

ነገሩ ሰዓቱ ሆኖ ተገኘ። መስኮቷ የተከፈተችው በነሱ ሰዓት ነው፤ እኔ ወደ ኋላ ባዞርኩት ሰዓት ግን የምትከፈትበት ጊዜ ገና አልደረሰም። ስለዚህ መስኮቷ ራሷን ገና እንዳልተከፈተች ነው የምታውቀው። ያልተከፈተ ነገር ደግሞ አይዘጋም። ሰዓቱን ወደ ነበረበት ብንመልሰውም ነገሩ አንዴ በልቧ ስለገባ አልለቅ አላት። ሠሪዎቹ እናስተካክለዋለን፣ ጥቂት ቀን ታገሡን አሉ።

ቅዳሜ ግን አይታገሥም። ድንበሩ ግንበኛውን ይዞ ሲመጣ ይህንኑ አስረዳሁት። መስኮቷ አልተከፈተችም፤ ካልተከፈተች ጥፋቴ ምንድነው አልኩት። ድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አሰበ፤ ግንበኛው ጭቃውን አቡክቶ እስኪጨርስ አሰበ።

«ያልተከፈተ መስኮት የተዘጋ ነው» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ደግሞ አልተዘጋም ብለዋል። ያልተከፈተም ያልተዘጋም መስኮት ሕጉ አያውቅም። እኔም የማላውቀውን ነገር ትቼ ማደር እፈራለሁ።»

ደፈኑት። የመጨረሻዋ ድንጋይ ስትገባ ያየሁት የጎሹን አህያ ነው። በዚህ ከተማ የመጨረሻ ያየሁት ነገር የጎሹ አህያ እንዲሆን አልፈልግም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማዘንጊያ የታረመውን ጫነችልኝ። መዝጊያዋን ስነካት መስኮቷ ጥፍት አለች፤ በዚያው ቀረች። የዚያኑ ሳምንት ሠሪዎቹ ንጋትን ለዓለም ለቀቁት። ወሬው ሲሰማ ሰው በሩን ቀርቅሮ ተቀመጠ። ድንበሩ እየሮጠ መጣና ከነጥፋቱ ነው ወይ የተለቀቀው ብሎ ማዘንጊያን ጠየቃት። የተገኘው ታርሟል፣ ያልተገኘውን ይዞ ነው የወጣው አለችው። «ታዲያ እንደማንኛችንም ነው» አለና ተረጋጋ። ማኅበሩ በዓል አደረገ፤ ማንም ያላገኘውን ጥፋት ጎሹ አግኝቶ እንዲታረም አድርጓል ተባለ። እንከን የለሽ ያለው እሱ መሆኑን ያስታወሰ የለም። ሰሌዳውን አምጥተው የሚሰቅሉበት ቦታ ፈለጉ። ግድግዳዬ ላይ አዲስና ለስላሳ ቦታ አገኙ፤ መስኮቴ የነበረበትን።

አሁን የሆነውን ስሙ። ሕጉ ሹሙ የሚጠይቀው «ቤት ሁሉ» ይላል እንጂ «መስኮት ያለው ቤት» አይልም። ሰሌዳው በተሰቀለ ዕለት ማታ ድንበሩ መጣና ድንጋዩን በሸንበቆ መታው። «መስኮት ተዘግቷል?»

ከልማድ የተነሳ አፌ ሊመልስ ተከፍቶ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ደገመ። ዝም አልኩ። ዝም ላለ ሰው ቅጣት አልተጻፈም፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች እምቢ ብሎ ዝም የሚል ይኖራል ብለው አላሰቡም። ድንበሩ ማለፍ አይችልም። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ቤቶች ሳይጠየቁ መዝጋት አይችሉም፤ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው ጠበቁ። ጀንበር ጠለቀች። የከተማው መስኮት ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ሳይጠየቅ ያመሸን ቤት ደግሞ መድፈን አይቻልም።

ነፋስ ገባ። ማንንም አልወሰደም፤ የጎሹን አረንጓዴ ሻሽ ብቻ ይዞ ወጣ ብላኛለች ማዘንጊያ። ሰው መጀመሪያ አልጋ ሥር ገባ፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ብቅ አለ። ለካ በዚህ ከተማ ማታ ጨረቃ ትወጣለች። ለካ ወንዙ ዳር እንቁራሪት አለ። ሴቶቹ ከመስኮት ወደ መስኮት መነጋገር ጀመሩ፤ ያቺ ከገመድ የጠፋችው ቀሚስም ፊት ለፊት ቤት ተሰቅላ ታየች። ሁሉም ያያል፤ የማላየው እኔ ብቻ ነኝ። ድንጋዩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳቃቸውን እሰማለሁ፤ ምን እንደሚያስቃቸው የማውቀው ማዘንጊያ ስትመጣ ነው፣ እሷ ደግሞ ወሬ አሳጥራ ነው የምትነግረኝ።

ድንበሩ በየማታው እዚያው ይቆማል። ሚስቱ ራቱን ሸፍና ታመጣለታለች። ትናንት ሸንበቆውን ጥሎ አፉን ከድንጋዩ አስጠግቶ ለመነኝ፤ «እማማ ደጊቱ፣ አንዲት ቃል ብቻ። ተዘግቷል ይበሉኝና ልሂድ። ደግሞስ ተዘግቷል እኮ።»

ይህንን የጻፍኩት ማዘንጊያ ወስዳ እንድታነብለት ነው። መልሴ ይኸው፤

ድንበሩ፣ ግንበኛውን ከነመዶሻው ይዘህ ና። ሰሌዳውን ንቀልና ለጎሹ ስጠው፣ የገዛ ቤቱ ላይ ይስቀለው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሳልኝ። መስኮቴ ላይ ክንዴን አስደግፌ፣ መንገዱንም አንተንም ፊት ለፊት እያየሁ፣ ያን ጊዜ ጠይቀኝ።